ዘር ከልጓም ይስባል እንዴ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ መንትዮች የጻፍኩት ነገር የደብዳቤ ናዳ አወረደብኝ። ግማሹ ስድብ ነው፣ እሱን ለራሴ አስቀምጫለሁ። የቀረው ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሰው ጠባዩን የሚያገኘው ከዘሩ ነው፣ በደሙ ከሚዞረው ሆርሞን ነው ወይስ ካደገበት ቤት? አምስት ደብዳቤ መርጬ አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

“የማን ዘር እንደሆነች ታውቃላችሁ?”

ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው፣ ልጅ አልወለድንም። አሁን አንዲት የ8 ወር ህፃን በጉዲፈቻ ለማሳደግ ሂደት ጀምረናል። ባለቤቴ ደስታውን አልቻለውም። አማቴ ግን “ዘር ከልጓም ይስባል፣ እናቷ ማን እንደሆነች አባቷ ምን እንደነበረ ሳታውቁ ጣጣ ወደ ቤታችሁ አታስገቡ” ብለው አኩርፈዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ማታ ማታ እፈራለሁ። አሳድጌያት የማላውቀው ነገር ቢወጣባትስ?
*ግራ የገባኝ፣ ከሀዋሳ*

እህቴ፣ መጀመሪያ ለአማትሽ ትንሽ ልፍረድላቸው። “ዘር ምንም አይደለም” የሚልሽ ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ለ50 ዓመታት ያህል በመንትዮች ላይ የተሠሩ ምርምሮችን ሰብስቦ አንድ ላይ አየ። 14.5 ሚሊዮን ጥንድ መንትዮች! ከቁመት እስከ ጭንቀት፣ ከደም ግፊት እስከ ጠባይ፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት በአማካይ 49 በመቶው ከዘረመል (ጂን ከሚባለው) ልዩነት ጋር የሚሄድ ሆነ።

ይህን ቁጥር ግን ብዙ ሰው አጣሞ ነው የሚያነበው። የልጅሽ ጠባይ ግማሹ ከወለዷት፣ ግማሹ ከአንቺ ይሆናል ማለት አይደለም። ቁጥሩ ስለ አንድ ልጅ ምንም አይናገርም። የሚናገረው በብዙ ሰው መካከል ስላለው ልዩነት ነው፣ ያውም ሰዎቹ በሚኖሩበት ሁኔታ ውስጥ። በአንድ ከተማ ያሉ ልጆች ሁሉ እኩል ቢበሉ፣ እኩል ቢማሩ፣ እኩል ቢታቀፉ የሚቀረው ልዩነት የዘር ይሆናል፣ ቁጥሩም ሽቅብ ይወጣል። ግማሾቹ ጠግበው ግማሾቹ ሲራቡ ደግሞ ቁጥሩ ይወርዳል። በልጆቹ ውስጥ ያለው ዘረመል ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

“በዘር የመጣ አይለወጥም” የሚለውም ልክ አይደለም። ፒኬዩ የሚባል በሽታ አለ፣ ከእናትም ከአባትም በተወረሰ ዘረመል ብቻ የሚመጣ። የህፃኑ ሰውነት በሥጋ፣ በወተትና በእንቁላል ውስጥ ያለ ፌኒልአላኒን የሚባል ነገር መፍጨት ያቅተዋል፣ እየተጠራቀመም አንጎሉን ይጎዳዋል። ሕክምናው ምን መሰለሽ? ምግብ መለወጥ። ገና እንደተወለደ ከታወቀና ያ ነገር ከተቀነሰለት ልጁ በደህና ያድጋል።

አሁን ወደ አንቺ ነገር ልምጣ። የሮማኒያው የቻውሼስኩ መንግሥት በ1989 መጨረሻ ሲወድቅ በመንግሥት ማሳደጊያዎች ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች ተገኙ። ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይተኛሉ። የሚያቅፋቸው የለም። ብዙዎቹ ሲያለቅሱ የሚመጣ እንደሌለ ስላወቁ ማልቀሱንም ትተውት ነበር (ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት መጽሔቱን አጥፌ ወጥቻለሁ)። በ2000 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡካሬስት ሄደው 136 ህፃናት መዘገቡ። በዕጣ ግማሾቹን ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ላኩ፣ ግማሾቹ እዚያው ቆዩ። በዕጣ መሆኑ ቁልፍ ነገር ነው፣ ምክንያቱም “ጎበዞቹን መርጠው ወሰዱ” ማለት አይቻልም። የማን ዘር እንደሆኑ የጠየቀም የለም።

ውጤቱ? ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ፈተና በግልጽ በለጡ። 2 ዓመት ሳይሞላቸው የተወሰዱት ደግሞ ከሁሉም በለጡ፣ 8 ዓመት ሲሆናቸው የአንጎላቸው ኤሌክትሪክ ሲለካ ማሳደጊያ ገብተው ከማያውቁ ልጆች ጋር ይመሳሰል ነበር። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም እንዲሁ። ማሳደጊያ የቀሩት ልጆች አስጨናቂ ነገር ሲገጥማቸው ሰውነታቸው እንደ ደነዘዘ ነው የሚመልሰው፣ በጊዜ እናት ያገኙት ግን እንደ ሌላው ልጅ ነው።

የአንቺ ህፃን 8 ወሯ ነው። ገብቶሻል?

አንድ ነገር ልጨምር። በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ እነ ማይክል ሚኒ ግልገሎቻቸውን በብዛት የሚልሱና እምብዛም የማይልሱ አይጦችን ለይተው ግልገሎቹን አቀያየሩ። ጉዲፈቻ በአይጥ በይው። ከማትልስ እናት የተወለደች ግልገል በምትልስ እናት እጅ ስታድግ ረጋ ያለች ሆነች፣ ስትወልድ ደግሞ እሷም ላሽ ሆነች። በ2004 ባወጡት ሥራ አንጎል ውስጥ የጭንቀት ሆርሞንን ተቀባይ የሚያሠራው ዘረመል ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት በእናትየዋ ምላስ እንደሚለወጥ አሳዩ። ፊደሉ ያው ነው፣ የሚነበብበት መንገድ ነው የተለየው።

እንግዲህ ጤናዋ ምን እንደሚመስል፣ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ምን እንደገጠማት የሚታወቅ ነገር ካለ ጠይቁ፣ ለሐኪም ይጠቅማል። ልጅቷ ላይ የማትጠብቂው ነገር ይወጣባት ይሆናል፣ እሱ ግን በአብራክ ክፋይም ይወጣል። አማትሽን በተመለከተ፣ “ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ” የሚሉ ሴትዮ ልጅቷ “እማማ” ስትላቸው ምን እንደሚውጣቸው እኔም ለማየት ጓጉቻለሁ። ጻፊልኝ።

“ቁጣችን የዘር ነው”

አያቴ ቁጡ ነበር። አባቴም። እኔም ያው ነኝ። ባለፈው ሳምንት በሆነ ባልሆነው ነገር ሳህን ግድግዳ ላይ ከሰከስኩ፣ የ6 ዓመት ልጄ ጠረጴዛ ስር ገባ። ባለቤቴ ሰው አነጋግር ትላለች። እኔ ግን በደም ያለ ነገር በወሬ ይለቃል ብዬ አላምንም። የቁጣ ዘረመል አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?
*ከድሬዳዋ*

ወንድሜ፣ የሰማኸው ነገር መነሻ አለው። በ1993 በአንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብ ውስጥ በርከት ያሉ ወንዶች ድንገት እየገነፈሉ አደጋ ሲያደርሱ ተጠኑ፣ ኤምኤኦኤ የሚባለው ዘረመላቸው ጨርሶ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዘረመል እነ ሴሮቶኒን፣ እነ ዶፓሚን የሚባሉትን የአንጎል መልእክት አድራሽ ኬሚካሎች የሚያፈርስ ኢንዛይም ያሠራል። ወሬው ከዚያ ተነስቶ “የጦረኛ ጂን” ተባለና ጋዜጣ ላይ ወጣ። እንዲህ ያለው ሙሉ ብልሽት ግን እጅግ ብርቅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፦ ዘረመሉ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክስን የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። በዚህኛው እንኳ አያትህና አባትህ ላይ ማላከክ አትችልም።

በሰፊው ሕዝብ ውስጥ ያለው የዚሁ ዘረመል ደከም ያለው ዓይነት ነው፣ እሱ ብዙ ሰው አለው። በኒውዚላንድ ደነዲን ከተማ በ1972 እና 73 የተወለዱ 1,037 ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲጠኑ ኖረዋል። በ2002 ካስፒና ሞፊት የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ወንዶቹን ለይተው አዩ። ደካማውን ዓይነት ይዘው በሰላም ያደጉት እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው። ደካማውን ይዘው በልጅነታቸው የተደበደቡት፣ የተበደሉት ናቸው በጠበኝነት የታወቁት። እንዲህ ያሉ የአንድ ዘረመል ጥናቶች ላይ ኋላ ብዙ ጥያቄ ተነስቷል፣ አንዳንዶቹም ወድቀዋል፣ ስለዚህ እኔም በአንድ ጂን አልምልም። ግን ልብ በልልኝ፣ ለአንተ ወሬ ትልቁ ድጋፍ የተባለው ጥናት ራሱ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ልጅነት ቤት ነው።

አሁን ወደ ሰፈርህ ልውሰድህ። ኤረር ጎታ ታውቃለህ? በ1960ዎቹ ሐንስ ኩመር የሚባል የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እዚያ ገደል ላይ ከሚያድሩት ዝንጀሮዎች ጋር ስንት ወር ቆይቷል። እነዚያ ሀማድርያስ የሚባሉት ናቸው፣ ወንዱ እንደ ካባ የሚወርድ ግራጫ ጎፈር ያለው። ወንዱ ሴቶቹን እንደ እረኛ ይጠብቃል። አንዷ ራቅ ካለች አንገቷን ይነክሳታል፣ እሷም ሮጣ ወደ እሱ ትመለሳለች። ወደ አዋሽ ወረድ ስትል ደግሞ አኑቢስ የሚባሉት አሉ። እነሱ ዘንድ ሴቲቱ ከፈለገችው ጋር ትውላለች፣ የሚነዳት ወንድ የለም።

ኩመርና ባልደረቦቹ የአኑቢስ ሴት ይዘው ሀማድርያስ መሃል ለቀቋት። ወንዱ መጣ፣ ነከሳት፣ ሸሸች፣ እንደገና ነከሳት። በአንድ ሰዓት ገደማ ሕጉን ተማረች፣ ተከተለችው። ተገላቢጦሹንም ሠሩ። የሀማድርያስ ሴት አኑቢስ መሃል ገብታ ማንም እንደማይነዳት ስታውቅ መከተሉን ተወችው። ስንት ሺህ ዓመት የተወረሰ የሚመስል ጠባይ ቦታ ሲቀየር ተቀየረ።

ወንዶቹ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ላባብልህ አልፈልግም። አዋሽ ፓርክ አካባቢ ሁለቱ ዘሮች ይዳቀላሉ። ክልሶቹ ወንዶች ሴት መንዳት ይሞክራሉ፣ ግን ግማሽ ጎናቸው ነው፣ ሴቶቹ ያመልጧቸዋል። ስለዚህ የወንዱ እረኝነት ውስጥ ከዘር የመጣ ነገር አለ። አንተም ቶሎ የሚግል ሰውነት ወርሰህ ይሆናል። አልክድህም።

ነገር ግን አኑቢስም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሮበርት ሳፖልስኪ የሚባል አሜሪካዊ ኬንያ ውስጥ ለዓመታት ያጠናው አንድ የአኑቢስ መንጋ ነበር። በ1980ዎቹ የመንጋው ጉልቤ ወንዶች ጎረቤት ካለ የቱሪስት ማረፊያ የቆሻሻ መጣያ እየሄዱ፣ ከሌላ መንጋ ጋር እየተደባደቡ ይበሉ ነበር። እዚያ በተጣለ ሥጋ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያዛቸውና አለቁ። የተረፉት መደባደብ የማይወዱት ናቸው። መንጋው ሰላም ሆነ፣ መቀማመሉ በዛ፣ ዝቅ ያለ ማዕረግ ያላቸው ወንዶች እንኳ የጭንቀት ምልክታቸው ቀነሰ። የሚገርመው ይህ አይደለም። የዝንጀሮ ወንድ ሲጎረምስ ከተወለደበት መንጋ ወጥቶ ሌላ ጋ ይገባል፣ ስለዚህ ከዓመታት በኋላ የድሮዎቹ ወንዶች በሙሉ ሄደው በቦታቸው ከውጭ የመጡ ነበሩ። እነዚያ የመጡት በሌላ መንጋ ድብድብ ያደጉ ናቸው፣ ግን ገብተው ጥቂት እንደቆዩ የቤቱን ጠባይ ያዙ። ሴቶቹ ቀድመው በደግነት ነበር የተቀበሏቸው።

ሰው ዝንጀሮ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ዝንጀሮ የቻለውን “አይለቀኝም” ስትለኝ ትንሽ ያስቀኛል።

ከደብዳቤህ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ጠረጴዛው ስር የገባው ልጅ ነው። ኮርቲሶሉ ያኔ ጣሪያ ነክቷል። አንድ ቀን ምንም አይደለም። በየሳምንቱ ከሆነ ግን አንጎሉ “ይህ ቤት እንዲህ ነው” ብሎ ራሱን ለዚያ ቤት ያዘጋጃል፣ ከ25 ዓመት በኋላ እሱም “አያቴ፣ አባቴ፣ እኔ” ብሎ ይጽፍልኛል። ሚስትህ ልክ ናት። ባለሙያ አነጋግር። ዛሬ ማታ ደግሞ ልጁን አስቀምጠህ “ሳህኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም” በለው።

“ልጅ ማቀፍ ወንድነት ይቀንሳል?”

የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች። ባለቤቴ የማታ ሽፍት ስለምትሠራ ከሥራ መልስ ህፃኗን የምይዘው እኔ ነኝ። ጓደኞቼ ቡና ላይ ይስቁብኛል። አንዱ ጭራሽ “የወንድ ሆርሞንህ ይወርዳል፣ ሳይንስ ነው” አለኝ። ውሸት ነው አይደል?
*ከሜሪላንድ*

ውሸት አይደለም! ጓደኛህ ለአንድ ጊዜም ቢሆን ትክክል ነው። ፊሊፒንስ ሴቡ ላይ 624 ወጣት ወንዶች በ2005 ቴስቶስትሮናቸው ተለካ፣ በ2009 እንደገና ተለካ። በመሃል አግብተው አባት የሆኑት የጠዋቱ ልኬት በ26 በመቶ፣ የማታው በ34 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። በቀን 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጅ የሚይዙት ደግሞ ከሌሎቹ አባቶች ዝቅ ብለው ተገኙ።

ግን የጥናቱን መጀመሪያ ጓደኛህ አልነገረህም። ባለፉት ዓመታት ሚስት አግኝተው አባት የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለው ሲጀመር ቴስቶስትሮናቸው ከፍተኛ የነበረው ናቸው። ሆርሞኑ የተፈለገበትን ሥራ ሠርቶ ነው ዝቅ ያለው። ታንዛኒያም ሁለት ጎረቤታሞች ተጠንተዋል። ሀድዛዎች አባቱ ከህፃናቱ ጋር ይውላል ያድራል፣ አባቶቹ ልጅ ከሌላቸው ወንዶች ዝቅ ያለ ልኬት አላቸው። ዳቶጋዎች ከብት አርቢዎች ናቸው፣ አባት ከህፃን ጋር ብዙ አይገናኝም፣ እነሱ ዘንድ በአባትና ባልወለደ መካከል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ማቀፉ ነው እንጂ መውለዱ ብቻ አይደለም።

ጺምህ አይረግፍም፣ ድምፅህ አይቀጥንም። ቡናውን ቤትህ አፍላና ጓደኞችህን ጥራ፣ ህፃኗንም በየተራ ይያዙ። ልኬታቸው አብሮ ይወርዳል።

“እናቴ የጨው ነገር አይዋጥላትም”

የ2 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጤና ጣቢያ አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሚ አሉኝ። እናቴ እንቅርት አለባት፣ እሷ ግን “እኔ እንዲህ ሆኜ ስድስት ወልጃለሁ፣ ጨው ጨው ነው” ትላለች። ይህን ያህል ያስጨንቃል?
*ከባህር ዳር*

ያስጨንቃል። የልጅሽ አንጎል አሁን ነው የሚሠራው። አንጎሉ እንዲሠራ የታይሮይድ ሆርሞን ያስፈልገዋል፣ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ፅንሱ የራሱን ስለማያመርት ከአንቺ ነው የሚወስደው። ሆርሞኑ ደግሞ ያለ አዮዲን አይሠራም። አዮዲን ከአፈር ነው የሚመጣው፣ የደጋው አፈር ደግሞ ለዘመናት በዝናብ ታጥቧል። እንቅርት የሚባለው እጢው አዮዲን አጥቶ ሲታገል ሲያብጥ ነው። ዘር ይመስላል፣ እናት፣ ልጅ፣ አክስት ሁሉም አላቸውና። ብዙ ጊዜ ግን የጋራቸው አንድ መሬት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን ልንከላከለው የምንችለው ትልቁ የአንጎል ጉዳት መንስኤ ይለዋል።

ለነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም ይመከራል፣ ለሌላ አዋቂ 150። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2011 ደንብ ወጥቷል፣ ግን ገበያ ላይ በኩንታል ተከፍቶ የሚሸጥ ጨው አሁንም ታያለሽ። የታሸገውን ግዢ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ምድጃ አጠገብ አይሁን። ወጥ ውስጥ የምትጨምሪው ሊወጣ ሲል ነው፣ ሲንተከተክ አዮዲኑ ይተናል። እናትሽን ደግሞ ለራሷም ሐኪም ይያት። ስድስት መውለዷ አያጠራጥርም፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆን ነው።

“የፍቅር ሆርሞን”

ዱባይ ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ አዲስ አበባ ነው። እየቀዘቀዘ መጣ። አንዲት ልጅ ኦክሲቶሲን የሚባል የሚነፋ የፍቅር ሆርሞን በኦንላይን ትሸጣለች፣ ለዕረፍት ስሄድ ልውሰድለት?
*ቸኩያለሁ*

አትግዢው። ዝናው የመጣው ከአሜሪካ የሜዳ አይጥ ነው። ፕሬሪ ቮል ይባላል፣ ከአንዷ ጋር ተጣምሮ ይኖራል፣ ዘመዱ የሆነው ሌላው ቮል ግን አይጣመርም። ልዩነታቸው አንጎላቸው ውስጥ የኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን የሚባል የሌላ ሆርሞን ተቀባዮች የተቀመጡበት ቦታ ነው ተባለ፣ ተቀባዩን በመድኃኒት ሲዘጉትም ጥምረቱ ተበላሸ። ከዚያ በ2023 ተመራማሪዎች የኦክሲቶሲን ተቀባዩን ዘረመል ጭራሽ ቆርጠው አወጡት። አይጦቹ እንደ ልማዳቸው ተጣመሩ። አይጥ እንኳ በአንድ ሆርሞን አይያዝም።

ኦክሲቶሲን እውነተኛ መድኃኒት ነው፣ ወሊድ ላይ ምጥ ለማምጣትና ደም ለማቆም በመርፌ ይሰጣል፣ ቀዝቃዛ ቦታም ይቀመጣል። በሻንጣ ተጉዞ መጥቶ የባልሽን ስሜት የሚመልስ ሽቶ አይደለም። የቀዘቀዘበትን ምክንያት እሱን ነው መጠየቅ ያለብሽ፣ ሻጯን አይደለም።

የደሴው ጠያቂ፣ ስለ 3 ዓመት ልጅህ ንግግር መዘግየት የጻፍከው ደርሶኛል። እሱ በዓምድ የሚመለስ ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምረው፣ በዚህ ሳምንት፣ ከዚያ የሐኪሙን ቃል ይዘህ ተመለስ።